ለጐልማሳው ቀን የሚቈርጥለት ማን ነው?

የሰው ልጅ ረጅም ዘመን በሌላው ጥበቃ ሥር የሚያድግ ፍጥረት ስለ ሆነ፥ ጥበቃው የሚያበቃበት ቀን መቼ ነው፥ ይህንስ ቀን ሊቈርጥ የሚገባው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የሃይማኖትም የፍልስፍናም ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ሲመላለሱበት የኖሩት ነገር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት፥ በ4ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ፥ ስለ ሕፃን ወራሽ ይናገራል፤ ልጁ የርስቱ ሁሉ ባለቤት ቢሆንም በሞግዚቶችና በመጋቢዎች እጅ ያድራል፥ በዚያም ዘመን ከቤቱ አገልጋይ የሚበልጥበት ነገር የለም። አንባቢ ሁሉ ወደ ምሥጢሩ፥ ማለት ወደ ኦሪትና ወደ ወንጌል ነገር፥ ፈጥኖ ስለሚያልፍ በምሳሌው ውስጥ ያለችው አንዲት ታናሽ ነገር ሳትስተዋል ትቀራለች፤ እርሷም ልጁ ነፃ የሚወጣበትን ቀን የሚወስነው አባቱ እንጂ መጋቢው አለመሆኑ ናት። ስለ ምን ቢሉ፥ አባት በልጁ መዘግየት የሚያገኘው ትርፍ የለም፤ መጋቢ ግን ልጁ ሕፃን ተብሎ በቈየ መጠን በርስቱ ላይ እያዘዘ፥ ከርስቱም እየተመገበ ይቈያልና፥ ቀኑን የመቍረጥ ሥልጣን ለእርሱ ቢሰጥ ቀኑ ሲርቅ እንጂ ሲቀርብ አይታይም ነበር።

ይህን ማንሣቴ በአሜሪካ ፉትቦል ዘንድ ከ1925 ጀምሮ ሲያከራክር የኖረውን አንድ ሥርዓት በዚህ ምሳሌ ለመመርመር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በዚያ አገር ሞላላዋን ኳስ በክንዳቸው አቅፈው የሚሮጡና የሚጋፉ ተጫዋቾች የሚሠለጥኑት በዩኒቨርሲቲዎች ሜዳ ነው፤ ከዚያ በኋላ 32 ቡድኖች ያሉት ኤን ኤፍ ኤል የተባለው የባለሙያዎች ሊግ በየዓመቱ በአፕሪል ወር፥ ድራፍት በሚባለው ሥርዓት፥ ባለፈው ዓመት ውጤቱ የከፋው ቡድን እየቀደመ፥ በሰባት ዙር መርጦ ይወስዳቸዋል። ወደዚህ ምርጫ ለመግባት ግን አንድ ወጣት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ሦስት ሙሉ የውድድር ዘመን ሊያልፍ ግድ ነው። ለዚህ ፈቃድ ቁመቱና ክብደቱ፥ ፍጥነቱና የልቡናው ብስለት አይመረመሩም፤ የሚቈጠረው ዘመን ብቻ ነው። ሦስቱ ዘመን አልፎለት ገና የኮሌጅ ጊዜ የቀረው ልጅ ቀድሞ ለመውጣት ቢፈልግ በጃኑዋሪ አጋማሽ አሳቡን ያስታውቃል፤ ሊጉም ባቋቋመው የአማካሪዎች ጉባኤ አማካይነት በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዙር ሊመረጥ እንደሚችል፥ አለዚያም በትምህርቱ ቢቀጥል እንደሚሻለው ይነግረዋል። ይህ ምክር በራሱ መልካም ነው፥ የምነቅፍበትም ነገር የለኝም፤ ምክር ተቀባዩን ነፃ አድርጎ ይተዋልና። ክርክሬ ከምክሩ በፊት ስለ ቆመው ቅጥር ነው።

ቅጥሩ የተሠራበትን ታሪክ ያየ ሰው ምንነቱን ያውቃል። በ1925 ኖቬምበር 21 ቀን የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ሬድ ግሬንጅ የመጨረሻውን የኮሌጅ ጨዋታ ከኦሃዮ ስቴት ጋር ተጫወተ፤ በማግሥቱ ከቺካጎ ቤርስ ቡድን ጋር ውል ተፈራረመ፤ በኖቬምበር 26፥ በአሜሪካኖች የምስጋና በዓል ቀን፥ የባለሙያ መለያ ለብሶ በሜዳ ላይ ታየ። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ትምህርቱን ሳይፈጽም ለገንዘብ ተጫወተ ብለው እጅግ ተቈጡ፤ በተከታዩም ዓመት ሊጉ አብረውት ትምህርት የጀመሩት ሁሉ እስኪመረቁ ድረስ ማንም የኮሌጅ ተጫዋች ወደ ቡድን እንዳይወሰድ ደነገገ። እንግዲህ ሕጉ በተወለደ ጊዜ በሁለት ቤቶች መካከል የተደረገ የሰላም ውል ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ተመልካች የሚሰበስብለት ልጅ እንዳይነጠቅበት፥ ሊጉም በሌላው ወጪ የሠለጠነና ስሙ የታወቀ ተጫዋች እንዲደርሰው ሁለቱ ተስማሙ፥ ውል የተገባበት ልጅ ግን አልተጠየቀም። በ1989 የኦክላሆማ ስቴቱ ባሪ ሳንደርስ፥ ትምህርት ቤቱ በቅጣት ሥር ስለ ነበረ፥ አራተኛውን ዓመት ሳይፈጽም በልዩ ፈቃድ ገብቶ በዲትሮይት ቡድን በሦስተኛ ተራ ተመረጠ፤ በ1990 ደግሞ ሕጉ ራሱ ላልቶ በሦስት ዓመት ተወሰነ። በ1989ና በ1990 መካከል የልጆች አጥንት አልጠነከረም፥ ልቡናቸውም ከቀድሞው አልሰፋም፤ ቀኑ የተንቀሳቀሰው ቀን ቈራጮቹ ስለ ፈቀዱ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ሌሊት ላሳይ እወዳለሁ፤ የዚህ ነገር ክብደት በዚያ ሌሊት ይታያልና። ጃኑዋሪ 3 ቀን 2003 በአሪዞና፥ ቴምፒ በሚባል ከተማ፥ ኦሃዮ ስቴትና ማያሚ የኮሌጆችን የአገር ሻምፒዮና ለመውሰድ ፊየስታ ቦውል በተባለው ጨዋታ ተገናኙ። ሁለቱም ቡድኖች ኳስ ይዞ የሚሮጥ የተደነቀ ወጣት ነበራቸው፤ በማያሚ በኩል ዊሊስ ማክጌሂ፥ በኦሃዮ ስቴት በኩል ገና የ19 ዓመት ልጅ የነበረው ሞሪስ ክላሬት። ማክጌሂ ሊጉ የሚጠይቀውን ሦስት ዘመን ስለ ፈጸመ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች አንዱ እንደሚሆን ይጠበቅ ነበር፤ በአራተኛው ሩብ ግን አጭር ኳስ ተቀብሎ ፊቱን ወደ ጎል ሲመልስ ተከላካይ በግራ ጕልበቱ ላይ መጣበት፥ ጕልበቱም ሊታጠፍ በማይገባው በኩል ታጥፎ ጅማቶቹ ተበጣጠሱ። ክላሬት በዚያው ጨዋታ ተከላካዩ ሾን ቴይለር የነጠቃትን ኳስ ይዞ ሲሮጥ አባርሮ ከእጁ መልሶ ነጠቃት፤ በሁለተኛው ተጨማሪ ጊዜም አምስት ያርድ ሮጦ አገባና ቡድኑ 31 ለ 24 አሸነፈ። ማክጌሂን በአፕሪል የቡፋሎ ቡድን በ23ኛ ተራ መረጠው፤ አንድ ዘመን ሙሉ ሲታከም ከረመ፥ ከዚያም እስከ 2013 ድረስ ተጫወተ። ያ የአንድ ቅጽበት ምት ስንት ተራ ወደ ኋላ እንደ መለሰው፥ ከዚያም ጋር ስንት ገንዘብ እንደ ሄደ፥ ሒሳቡ ግልጥ ነው። ክላሬት ግን ሰውነቱ ደኅና ሆኖ ሳለ በሩ ተዘጋበት፤ ከኮሌጅ ሕግ ጋር በተያያዘ ጥፋት ዩኒቨርሲቲው ከ2003ቱ ውድድር ስላገደው፥ በኮሌጅ የማይጫወት፥ በሊግ የማይገባ፥ በጕልበቱም ዳቦ መብላት የማይፈቀድለት ጐልማሳ ሆነ።

ስለዚህ ከሰሰ። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2004 በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛዋ ሺራ ሻይንድሊን፥ ተወዳዳሪዎች ተስማምተው አንድን ሠራተኛ ከገበያ ማስወጣት የነፃ ውድድርን ሕግ ይጥሳል ብለው ፈረዱለት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ድራፍቱ ሳይደርስ ፍርዱን አገደ፥ ክላሬት ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢጮኽም እግዱ አልተነሣለትም፤ ሜይ 24 ቀንም በዳኛዋ በሶንያ ሶቶማዮር እጅ በተጻፈ ውሳኔ የመጀመሪያው ፍርድ ተሻረ። ምክንያቱ ሕጉ በሊጉና በተጫዋቾቹ ማኅበር መካከል ባለው የሥራ ግንኙነት ጥላ ሥር ስለሚገኝ፥ ወደ አንድ ሙያ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከእርሱ በፊት የነበሩት በገቡት ውል እንደሚታሰር ክላሬትም ይታሰራል የሚል ነው። እንደ ሠራተኛ ሕግ ብያኔ ከሆነ ውሳኔው ጽኑ ነው፥ አልክድም። እንደ ፍትሕ ጥያቄ ግን አንድ ትልቅ ነገር ይቀረዋል፤ ይኸውም በጉባኤው ያልነበረ ሰው በጉባኤው ኪዳን እንዴት ይታሰራል የሚለው ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 29 ሙሴ በሞዓብ ምድር ኪዳኑን ሲያጸና፥ በዚያ ቀን በፊቱ ከቆሙት ጋር ብቻ ሳይሆን በዚያ ካልነበሩትም ጋር እንደሚጸና ይናገራል። እንግዲህ ያልነበረን ሰው ማሰር በራሱ ዐመፅ አይደለም፤ ሕዝብም ቤተ ክርስቲያንም ቤተሰብም ያለዚህ አይጸኑም፤ እያንዳንዱ ትውልድ ከባዶ ጀምሮ ሕግ ይጻፍልኝ ቢል የሚተላለፍ ርስት ባልኖረ ነበር። ነገር ግን የሞዓቡ ኪዳን ላልተወለዱት ምድርና በረከት ይዞላቸው ነበር፤ አባቶች ልጆቻቸውን ያሰሩት እነርሱ ራሳቸው በታሰሩበት ገመድ፥ ለልጆቹም ጥቅም ነው። የተጫዋቾቹ ማኅበር የገባው ውል እንዲህ አይደለም። የአባላቱ የሙያ ዕድሜ፥ ማኅበሩ ራሱ እንደሚናገረው፥ በአማካይ ከሦስት ዓመት ብዙም አይበልጥም፤ አዲስ የሚገባ እያንዳንዱ ወጣት ከነባሮቹ የአንዱን ቦታ ይወስዳልና፥ በሩ ዘግይቶ ቢከፈት ትርፉ የነባሮቹ ነው። በዚህ ጠረጴዛ በአንድ ወገን ቡድኖቹ፥ በሌላው ወገን ነባሮቹ ተቀምጠው ሳሉ፥ ሸክሙን ሁለቱም በሌለው ሰው ትከሻ ላይ ለማኖር ይስማማሉ። ኪዳን ሊባል የሚገባው ኪዳኑን የገባውንም የሚያስር ነው።

በዚህ መካከል የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ማይክ ዊልያምስ የደረሰበትን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የመጀመሪያውን ፍርድ አምኖ፥ ወኪል ይዞ፥ ለ2004ቱ ድራፍት ተመዘገበ፤ ፍርዱ ሲታገድ ወደ ኮሌጁ ልመለስ ቢል የኮሌጆች ስፖርት የበላይ የሆነው ኤን ሲ ኤ ኤ አልቀበልም አለው፥ ዓመቱንም ያለ ጨዋታ አሳለፈ። ሁለቱም ቤቶች ጠባቂዎችህ ነን ሲሉት የነበረ ልጅ ነው፤ መጠጊያ በፈለገ ጊዜ ግን ሁለቱም ደጃቸውን ዘጉ።

ለሕጉ የሚከራከሩ ሰዎች የሚሉት ከንቱ አይደለም። የ18 ዓመት ልጅ ከሠላሳ ዓመት ጐልማሳ ጋር ቢጋጠም አካሉ ሊሰበር ይችላል፤ በድንገት የመጣ ብዙ ገንዘብ ልቡናን ያናውጣል፤ ትምህርት የተቋረጠበትና በድራፍቱ ያልተመረጠ ልጅ ሁለቱን ያጣል፥ እንዲህ ያሉትም በየዓመቱ በርካታ ናቸው። ክላሬትንም ራሱን ምስክር አድርገው ይጠሩታል፤ በ2005 የዴንቨር ቡድን በ101ኛ ተራ ቢመርጠውም አንድም መደበኛ ጨዋታ ሳይጫወት ተሰናበተ፥ ከዚያም በወንጀል ተፈርዶበት ታሰረ። ይህን የሚጠቅሱት ሰዎች ግን ሰው ኋላ የወደቀውን ውድቀት ይዘው ቀድሞ የተነፈገውን ሲያጸድቁ ፍርድን ወደ ኋላ ያስኬዳሉ፤ ሁለት ዘመን ሙሉ ከሙያው ተለይቶ የተቀመጠ ልጅ ቢደክምና ቢባዝን፥ ድካሙ አስቀድሞ ለመከልከሉ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ስለ አካል የተነገረው ደግሞ በራሱ በሜዳው ይፈርሳል። የሳውዝ ካሮላይናው ማርከስ ላቲሞር በ2011 የግራ ጕልበቱ ተጐዳ፥ ታክሞም ተመለሰ፤ በ2012 ኦክቶበር፥ ሊጉ ባዘዘው ሦስተኛ ዘመን ውስጥ፥ የቀኝ ጕልበቱ ከቦታው ወለቀ። በ2013 በአራተኛው ዙር የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ቢመርጠውም በ2014 ኖቬምበር አንድ የሊግ ጨዋታ ሳይጫወት ከሙያው ተሰናበተ። ሕጉ ይህን ልጅ ከምን ጠበቀው? ከግጭት አላዳነውም፤ ግጭቱ በኮሌጁም አለ፤ ከግጭቱ ዋጋ ግን ለየው። በ2011 ገና ሳይጐዳ እጁ ይዞት የነበረውን ሀብት፥ ማለት ጤነኛ ሰውነቱንና የሩጫውን ኃይል፥ ያዘገዩት ሰዎች በዘገየበት ዘመን ስታዲየም ሞልተውበታል።

ልጅ ሁሉ በሩ ቢከፈት ይወጣል ማለት አይደለም። የስታንፎርዱ አንድሩ ለክ በ2011 ድራፍት ከመጀመሪያዎቹ ሊመረጥ ሲችል በፈቃዱ ቀርቶ ትምህርቱን ፈጸመ፥ በ2012ም የመጀመሪያው ተመራጭ ሆነ። ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ስለ ተፈቀደ፥ በ2025ም ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው እንዲከፍሏቸው የሚያስችለው ስምምነት በፍርድ ቤት ስለ ጸደቀ፥ ቀድመው ለመውጣት የሚመዘገቡት ቁጥራቸው ቀንሷል። ይህ ለእኔ ከክርክር ሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው፤ ብዙዎቹን ሲያስቸኵላቸው የነበረው የወጣትነት እብደት ሳይሆን ችግር ነበር፥ የድካማቸው ዋጋ በከፊል ሲሰጣቸው ማንም ሳይከለክላቸው ይቈያሉ። ነፃ ፈቃድ የተሰጠው ጐልማሳ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ጥበብን ይመርጣል፤ የተሳሳተም እንደ ሆነ ስሕተቱ የራሱ ነው፥ ከራሱ ስሕተትም ይማራል።

በ2020 የተፈረመው የሊጉና የማኅበሩ ውል እስከ 2030ው የውድድር ዘመን ይጸናል። በሚታደስበት ጊዜ በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት ሰዎች ገና ያልደረሰውን ልጅ የሚወክል፥ ከሁለቱም ወገን ደመወዝ የማይቀበል ሰው ከመካከላቸው ያስቀምጡ፤ ሦስት ዘመን የሚለውን ቍጥር አንሥተው በእያንዳንዱ ልጅ አካል ላይ ትርፍ በሌላቸው ሐኪሞች የሚደረግ ምርመራ ይተኩበት፤ ተመርምሮ ያልበቃው ይቈይ፥ የበቃው ይግባ፥ ገብቶ ያልተመረጠውም ወደ ትምህርቱና ወደ ቡድኑ የሚመለስበት ደጅ አይዘጋበት።