«አልሰከርኩም» ማለት አያድንህም

ልጄ፣ የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድህን በማግኘትህ እንኳን ደስ ያለህ። ሰሞኑን ሠርግና ክርስትና ስለሚበዛ ግን ሳልነግርህ አልለፍ።

እዚህ አገር ሕጉ የሚያየው መስከርህን ብቻ ሳይሆን ደምህ ውስጥ ያለውን የአልኮል መጠን ነው። 0.08 ከደረሰ፣ ምላስህ ባይተሳሰርም፣ እግርህ ባይወላከፍም ያው ጥፋተኛ ነህ። በቁጥር መዳኘትን ኖርዌይ በ1936 ጀመረችው። አሜሪካ ውስጥ 0.08 በየክፍለ ግዛቱ የጸናው ግን ኮንግረስ በ2000 «ይህን ሕግ ያላወጣ የመንገድ ገንዘብ ይቀነስበታል» ካለ በኋላ ነው፤ ኪስ ሲነካ ሁሉም ተስማማ። ዩታ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ወደ 0.05 አውርዳዋለች። በማግስቱ ዓመት እዚያ ሰው የሞተበት አደጋ መጠን ከ2016 ጋር ሲነጻጸር 20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ቨርጂኒያም ብትከተላት ደስ ባለኝ።

የእኛ ጠጅ ደግሞ መለኪያ የለውም። የቢራው ጠርሙስ ላይ የአልኮሉ መጠን ተጽፏል፤ እቤት የተጣለውን ጠጅ ግን ማን ለክቶት ያውቃል? «በሞቴ!» እየተባለ የሚሞላልህን ብርሌ ቆጥረህ አትዘልቀውም። በሞቴ ያለህ ሰው ደግሞ ፍርድ ቤት አብሮህ አይቆምም።

«መኪናዬ ውስጥ ትንሽ ልተኛና ሲበርድልኝ እነዳለሁ» የሚሉም አሉ። ብልሃት ይመስላል እንጂ ወጥመድ ነው። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 እንደፈረደው፣ ጠጥቶ በሕዝብ መንገድ ላይ በቆመ መኪና የሹፌሩ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቁልፉን ማስነሻው ውስጥ ከሰካ፣ ሞተሩ ባይነሳም እንደ ነጂ ይቆጠራል። ማሞቂያ ልክፈት ብለህ ቁልፉን ስትሰካ አለቀልህ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቢፈረድብህ እንኳ ቅጣቱ ከ250 ዶላር አያንስም፤ መንጃ ፈቃድህም ለ1 ዓመት ይታገዳል። ለሥራ ብቻ ልንዳ ብትል፣ ካልተነፈስክበት መኪናውን የማያስነሳ መሣሪያ ታስገጥማለህ። የኡበር ሥራህንማ እርሳው። ከሁሉ የሚከፋው የዜግነት ነገር ነው፤ ጠባይህ በሚመረመርባቸው ዓመታት 2 ጊዜ ከተፈረደብህ መልካም ጠባይ እንደሌለህ ይገመታል፣ ማስተባበሉም የአንተ ሸክም ይሆናል።

ስለዚህ ውሳኔህ ከመጀመሪያው ብርሌ በፊት ይሁን። ለሠርጉ መኪናህን እቤት ተወው። የሚመልስህ ካጣህም በስንትም ሰዓት ቢሆን ደውልልኝ፤ እኔ አልጠጣም፣ መጥቼ እወስድሃለሁ።