ለልጃችሁ አገር ስጡት

«ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት» ይላል ተረቱ። የአባቶችን ተረት አከብራለሁ፤ በዚህኛው ግን አልስማማም። ያወጣው ሰው አንድ ቀን ልጅ ጎንተል አድርጎት ኩርፊያው ያልለቀቀው ይመስለኛል። ልጆቼ፣ የሚወጋው ያልተጫወቱት ልጅ ነው፤ እሱም አድጎ፣ እንጨቱም ወፍሮ።

ቀኑ የእናንተ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከኮዬ ፈጬም ሆነ ከጀሞ ጎህ ሳይቀድ ትወጣላችሁ፣ ታክሲ ተሰልፋችሁ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ትገባላችሁ። እራት ይቀርባል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ ከዚያ ደብተር ይመጣል። «ስንት አመጣህ?» «ኮሙኒኬሽን ቡክህስ?» «ይህችን እንዴት ትሳሳታለህ?» የቤት ሥራው ይሠራ፣ አይቅር። ነገር ግን ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲጠየቅ ውሎ ማታ ሌላ ፈታኝ በር ላይ ከተቀበለው፣ ቤቱ የትምህርት ቤቱ የማታ ፈረቃ ይሆንበታል። ስለዚህ በየማታው ልጁ የሚያሸንፍበት፣ እናንተ የምትረቱበት አንድ ነገር ይኑር። እኔ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ለዚህ ከእንቆቅልሽ የሚሻል አላየሁም። ጠያቂው እሱ ይሁን። «እንቆቅልሽ!» ሲላችሁ «ምን አውቅልህ?» በሉት። መልሱ ከጠፋችሁ «አገር ስጡኝ» ይላል። ጎንደርን ትሰጡታላችሁ። «አልፈልግም፣ ሌላ!» ካለ ሐረርን ትጨምሩለታላችሁ። ከተቀበለ ነገሠ ማለት ነው፤ ሐረር ገብቶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ እናንተ ደጅ ቆማችሁ ምን እንደቀመሳችሁ እየዘረዘረ ይሳለቅባችኋል። መልሱን የሚነግራችሁ ከዚያ በኋላ ነው። በአገራችን ልጅ አባቱን ፊት ለፊት ዘልፎ ሳይቆነጠጥ የሚያድርበት ሥርዓት ከዚህ ሌላ አላውቅም። ያበጁት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም።

የአገሩንም ስም እግረ መንገዱን ይይዛል። አውሮፓ ያለችው የእህቴ ልጅ ከልጆቿ ጋር በኢሞ ታገናኘኛለች፤ ጅማንና ደሴን በካርታ ከማየታቸው በፊት ከእኔ ተረክበዋቸዋል። ጅማን ስሰጣቸው ቡናዋም አብሮ እንደሚመጣ አረጋግጠው ነው የተቀበሉት።

የድሮው እንቆቅልሽ ስለ ወንዝ፣ ስለ ጎተራ፣ ስለ ሞፈር ነው። የኮንዶሚኒየም ልጅ ሞፈር የት አይቶ! ከገዛ ቤቱ አዲስ ያውጣ። «ሆዷ ብርድ፣ ጀርባዋ ሙቀት?» ፍሪጅ። «ጣራ ላይ ተቀምጦ የሰው አገር ወሬ የሚለቅም?» ዲሽ። እነዚህን ልጆች ናቸው ያወጧቸው፤ ሁለቱም ጠፍተውኝ ለፍሪጁ ወሎን በሙሉ አስረክቤያለሁ። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ብሎ የሚቆጣ ይቆጣ። እየተማራችሁ ሳቁ። አንድ ነገር ብቻ፦ መልሱን እያወቃችሁ ሁልጊዜ የጠፋችሁ አትምሰሉ። ልጅ የውሸት አገር ያውቃል፣ ይንቀዋልም።

ገበጣ ከዚህ ያድናችኋል፤ እዚያ የምትሸነፉት የምራችሁን ነውና። የእንጨቱን ለመግዛት አትንከራተቱ። 30 እንቁላል ከሚይዘው ካርቶን 6 ጉድጓድ ያላቸውን ሁለት ረድፎች ቁረጡ፣ በየጉድጓዱ 4 ሽምብራ ጨምሩ፤ በጠቅላላው 48 ፍሬ ነው። ከአንዱ ጉድጓድ አንሥታችሁ በሚቀጥሉት ላይ አንድ አንድ እየጣላችሁ ትዞራላችሁ። የቀረው ሕግ እንደየአገሩ ይለያያል፤ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. የገበጣን ዓይነቶች ሰብስበው ጽሑፍ አሳትመዋል። ስለዚህ አባት በሸዋ፣ እናት በጎጃም ሕግ ሲከራከሩ ቢያመሹ አይገርምም። ዳኛው ልጁ ይሁን፤ ወላጆቹ በሽምብራ ሲጣሉ ማየት ራሱ ደስ ይለዋል።

ደክሟችሁ መጫወት የማትችሉበት ማታ ይኖራል። ያኔ ሰፌድ ላይ ምስር አፍስሱና አብራችሁ ልቀሙ። ልጅን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ዛሬ ምን ሆንክ?» ማለት የፖሊስ ጣቢያ ነው። እጁ ሥራ ይዞ ዓይኑ ሲያቀረቅር ግን ወሬው ራሱ ይመጣል። ለትልቅ ሰው «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል፤ የልጅን ሆድ የሚያወጣው ምስር ነው። ማን እንደገፋው፣ ማን ምሳውን እንደቀማው በዚያ ሰዓት ይነግራችኋል። ዓይናችሁን ከሰፌዱ አታንሡ። «ማነው? ነገ መጥቼ አሳየዋለሁ!» ያላችሁ እንደሆነ ሁለተኛ አትሰሙትም።

አንዳንዷ እናት «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያለች ልጇን ከማዕድ ቤት ታባርራለች። እውነት ነው፣ ግማሹን ምስር መሬት ይደፋዋል፣ ጠጠሩንም ያሳልፈዋል። ያሳልፍ። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው፤ ጠጠር ነክሶ የሞተ ሰው ደግሞ አልሰማሁም።

አባቶችን ለብቻ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ አባት ከእርሻ ሲገባ ልጅ ውሃ አሙቆ እግሩን ያጥብ ነበር። ዛሬ ተራው የእናንተ ይሁን። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጉና የአምስት ዓመቱን ልጅ እግር እጠቡ። ልጁን ትታችሁ እግሩን ጠይቁት፦ «አንተ እግር፣ ዛሬ የት የት ረገጥህ? ማንን መታህ?» ልጁ እግሩን ወክሎ ይናዘዛል። ይህን ያየሁት በጎረቤት ቤት ነው፤ ከተረት ሁሉ በለጠብኝ።

ተረት ካልኩ አይቀር፣ «ተረት አላውቅም» የሚል ወላጅ በዝቷል። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ የስንቱን ቤት ልጅ በቴሌቪዥን ተረት አሳድገዋል። ከእሳቸው ጋር መወዳደር አይጠበቅባችሁም። ይልቅ እናንተ ዘንድ ቴሌቪዥኑ የሌለው አንድ ነገር አለ፤ ልጁ «ለምን?» ሲል ማቆም ትችላላችሁ። ጅቡ አህያዋን እንዳይበላት ከለመነ አይብላት። ጅቡ ጾሙን ይደር። መብራት የጠፋ ማታ ደግሞ ሻማ አብሩና ጅቡን በእጃችሁ ጥላ ግድግዳ ላይ ሥሩት።

«ጊዜ የለንም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ መሳቢያ ውስጥ የሚገባው ግን መጀመሪያ የእናንተ ስልክ ነው፣ የልጁ ቀጥሎ።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያላችሁ፣ ይህ ሁሉ ለእኛ አይሆንም ትሉ ይሆናል። እሱን «ና እንቆቅልሽ እንጫወት» ብትሉት ይስቅባችኋል፤ አትጥሩት። ከታናሹ ጋር ሳሎን ተቀመጡ፣ ጮክ ብላችሁ ተጫወቱ፣ ጮክ ብላችሁ ተሸነፉ። አንድ ማታ ከመኝታ ቤቱ «እንዴት ይህ ይጠፋችኋል!» ብሎ መልሱን ይጮኻል። ያኔ ወጥቶ ካልተቀመጠ ብላችሁ አትጨቅጭቁት። የሚገባውን አገር በበሩ በኩል ስጡት፤ ትንሽ ነው ብሎ ከተከራከረ ጨምሩለት።