መልክና ምንነት፦ በአድሬናል ዕጢ ላይ ስለሚወጣ የብግነት እብጠት

የነገርን መልክ ማወቅ ምንነቱን እንደማወቅ ይቆጠራልን? ይህ ጥንታዊ ጥያቄ በሕክምና ውስጥ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ሆርሞን የሚያመነጨውን ጤነኛ አካልም በላዩ የሚያድገውን በሽታም ይጠራል፤ «ነቀርሳ»ም ለካንሰር ሲነገር ቆይቶ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ከባክቴሪያ ለሚመጣው ቲቢ ይውላል። ቃሉ መልክን ይይዛል፤ መንስኤን ግን አይለይም።

ይኸው መደራረብ ከኩላሊት አናት ላይ በሚገኘው፣ ኮርቲሶልንና አድሬናሊንን በሚያመነጨው ትንሽ አካል፣ በአድሬናል ዕጢ ላይ በገሃድ ይታያል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን እ.ኤ.አ. በ1855 የዚህን ዕጢ መክሸፍ ሲገልጽ ከመዘገባቸው 11 ሕሙማን መካከል የአንዳንዶቹ ዕጢ በቲቢ፣ የሌሎቹ ደግሞ በካንሰር የተጎዳ ነበር፤ መንስኤው ቢለያይም ሕመሙ አንድ ሆኖ ታየ።

ብግነት፣ ማለትም ሰውነት ለጀርም ወይም ለጉዳት የሚሰጠው የመቆጣት ምላሽ፣ ሲራዘም የመከላከያ ሕዋሳት ተከማችተው ግራኑሎማ የተባለ እብጠት ሊሠሩ ይችላሉ። በሲቲ ስካን ሲለካ ከ10 ሀውንስፊልድ (የጥግግት መለኪያ) የማይበልጥ፣ ስብ የበዛበት እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ነው፤ የብግነት እብጠት ግን እንደ ካንሰር ከዚህ በላይ ሊነበብ፣ በፔት ስካንም ስኳር አብዝቶ ስለሚወስድ እንደ ካንሰር ሊያበራ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ምስሉን ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛው የኖረበትን አገርና ያሳለፈውን በሽታ ይመረምራል፤ ቲቢ በተስፋፋበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር በሁለቱም ዕጢዎች ላይ የታየ እብጠት ቲቢን ቀድሞ ያሳስባል፤ ሆኖም የቲቢ መብዛት ማስረጃ አይደለምና ካንሰር ከግምት ሊወጣ አይችልም።

መርፌ አስገብቶ ናሙና መውሰድ ጥርጣሬውን የሚቆርጥ ቢመስልም የራሱ ቅደም ተከተል አለው፤ እብጠቱ አድሬናሊን የሚረጭ ፊዮክሮሞሳይቶማ ከሆነ መርፌው የደም ግፊትን ለሞት በሚያሰጋ መጠን ሊያንረው ስለሚችል፣ አስቀድሞ በደም ወይም በሽንት የሜታኔፍሪን (ከአድሬናሊን የሚገኝ ውህድ) ምርመራ ይደረጋል። አንዳንዴም እውነተኛው ስም የሚገኘው ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ ዕውቀቱ የሚመጣው ሊያድነው ይችል የነበረው አካል ከጠፋ በኋላ ነው።

ከዚህ የሚከተለው እርግጠኝነት እስኪገኝ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይገባል ማለት አይደለም፤ የታወቀውን ከተገመተው ለይቶ በታወቀው ላይ መሥራት እንጂ። የእብጠቱ ስም ገና ሳይለይም የጎደለው ኮርቲሶል ተለክቶ ሊተካ ይችላል። ይህ ሳይደረግ «ቲቢ ነው» ተብሎ መድኃኒት ቢጀመር፣ ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ኮርቲሶልን በጉበት ውስጥ ፈጥኖ እንዲሰባበር ስለሚያደርግ፣ ዕጢዎቹ የከሸፉበት ሰው ለድንገተኛ አደጋ ሊጋለጥ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ በሽተኛውን የሚጎዳው የተሳሳተ ስም ሳይሆን፣ ትክክለኛው ስም ያለ ተራው መምጣቱ ነው።