ፍላጻው ከእጅ ከወጣ በኋላ

ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ዋዜማ በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን አሸንፎ በዓለም ሁሉ ከተመሰገነ በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በሚከተለው ዓመት ግን በእንግሊዝ አገር፣ በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ሳበ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ተወዳደረ። እንዲህ ያለው ውድድር በሮም ያገኘውን ክብር ሊጨምርለትም ሊቀንስበትም የማይችል ነበርና፣ ለውጤት ብቻ የሚኖር ሰው ቢሆን ኖሮ ቀስቱን የሚያነሣበት ምክንያት ባላገኘ ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ ሮማዊው ሲሴሮ ኢስጦኢኮች የተባሉትን ፈላስፎች ትምህርት ሲገልጥ ምሳሌ ያደረገው እንዲህ ያለውን ቀስተኛ ነው። ቀስተኛው በትክክል ያነጣጥር ዘንድ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ ይገባዋል፤ ፍላጻው ከአውታሩ ከተለየ በኋላ ግን ነፋሱም ርቀቱም ለእርሱ አይታዘዙም። በእኛ ሃይማኖት አነጋገር፣ ማነጣጠር የሰው ግብር ሲሆን ሥምረት የፈጣሪ ሀብት ነው።

ማሸነፍን የማይሻ ተጫዋች ጨዋታውንም ባላጋራውንም ይንቃል የሚል ቢኖር፣ እውነት አለው፤ እኔም ፈዞ የሚጫወተውን ሰው ነጻ የወጣ ነው አልልም። ቀስቱ እስከ መጨረሻው መለጠጥ፣ ዓይንም ከዒላማው አለመነቀል ይገባዋል። ነገር ግን እጅ አውታሩን ሳይለቅ ልብ አስቀድማ ሄዳ በሽልማትና በኀፍረት መካከል ስትዋልል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ክንድም ይንቀጠቀጣል፤ ተጫዋቹም ገና ያልመጣውን ፍርድ ሲጠባበቅ፣ በእጁ ያለው ተድላ ሳይቀምሰው ያልፈዋል።

ኢስጦኢኮች ከዚህ ምሳሌ ያወጡት ይበልጡን የሕሊናን ጽናት ይመስለኛል፤ እኔ ግን ከዚያ አልፌ ደስታውን እፈልገዋለሁ። የክንድ ብርታት፣ የትንፋሽ ልክ፣ የአውታሩ ንዝረት ማንም በራሱ ያልፈጠረው ጸጋ ነውና፣ ጸጋ ደግሞ በተሰጠበት ሰዓት በአኰቴት ሊቀበሉት ይገባል። ይህን የተቀበለ ተጫዋች የባላጋራውን መልካም ምት እንደ ራሱ ኪሳራ አይቆጥረውም፤ ያው ጸጋ በሌላ ሰው ክንድ ሲገለጥ ስላየ፣ ተሸንፎም ቢሆን ከልቡ ሊያመሰግነው ይችላል።