አበባ፣ ምሳሌ እና ርካሽ ካሜራ

አበባ ፎቶግራፍ ማንሳት የጀመረ ሰው ፎቶው ሳያምርለት ሲቀር አስቀድሞ የሚወቅሰው ካሜራውን ነው፤ ነገሩ ሲመረመር ግን ከመሣሪያው ጥራት በፊት የሚነሣ አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ፍጥረት በእርግጥ ያየዋል ወይስ ቀድሞ በሚያውቀው ስምና ትርጉም አልፎት ይሄዳል የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ተብለው የእመቤታችን ስደት የሚታሰብባቸው ሲሆኑ፣ በማኅሌተ ጽጌም አበባ የድንግል ማርያምና የልጇ ምሳሌ ሆኖ ይዘመርበታል። ምሳሌ የሚታየው ነገር ወደማይታየው የሚያሻግርበት መንገድ በመሆኑ፣ በዚህ አስተያየት አበባው የሚወደደው ስለሚያመለክተው ምሥጢር ነው እንጂ የትኛው አበባ እንደሆነ ወይም ስንት ቅጠል እንዳለው ተጠይቆ አይደለም። ካሜራ ደግሞ ምሳሌ አያውቅም፤ የሚመዘግበው በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ብርሃን የቆመውን አንዱን አበባ ከነአቧራውና ትል ከበላው ጠርዙ ጋር ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት በ1790 እ.ኤ.አ. ስለ ውበት ፍርድ ባሳተመው መጽሐፉ አበባን የነጻ ውበት አብነት አድርጎ አቅርቦታል፤ ነጻ ውበት ማለትም ነገሩ ምን ሊሆን እንደሚገባው ወይም ለምን እንደሚጠቅም ሳይታሰብ ደስ የሚያሰኝ ውበት ሲሆን፣ የእጽዋት ሊቅ እንኳ አበባ የተክሉ መራቢያ መሆኑን እያወቀ በውበቱ ሲፈርድ ያን ዕውቀት ወደ ጎን ይተወዋል። ፎቶግራፍ አንሺው በዚህ ሚዛን ሲታይ የሚያስቸግር ሰው ነው፤ አበባውን ለራሱ ለማስቀረትና ለሌላ ለማሳየት ስለሚቸኩል፣ ጥቅምን ከዓይኑ ያራቀ ተመልካች ነው ለማለት አይቻልም።

ርካሽ ካሜራ ለዚህ ችኮላ ሳይታሰብ ልጓም ይሆናል። ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ ሴንሰር የሚባለው፣ ትንሽ ስለሆነ ከአበባው ኋላ ያለውን አጥርና ቆርቆሮ እንደ ውድ ካሜራ አያደበዝዝም፤ ስለዚህ አንሺው ተንበርክኮ፣ ዞሮ፣ ከአበባው ጀርባ ጥላ ያረፈበት ወይም ባዶ የሆነ ስፍራ እስኪያገኝ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ሌንሱ አጥርቶ ሊያይ ከሚችልበት የመጨረሻ ቅርበት ካለፈ ምስሉ ስለሚፈዝ ጥቂት ወደኋላ ማለት አለበት፤ በስልክ ላይ ያለው የዲጂታል ማጉያም ያው የተቀረጸውን ምስል ከመለጠጥ በቀር አዲስ ዝርዝር አይጨምርም። ቢጫው አደይ አበባ በቀትር ፀሐይ ሲነሣ ዝርዝሩ ጠፍቶ አንድ ወጥ ቢጫ ስለሚመስል የብርሃኑን መጠን መቀነስ፣ ደመና መጠበቅ ወይም ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ መውጣት ያሻል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ሁሉ፣ ጸሎት ባይሆንም፣ ለጸሎት የሚያስፈልገውን ያህል ጸጥታ ይጠይቃል።

እንዲህ የቀረበ ሰው አደይ አበባ የጥቃቅን አበቦች ጉባኤ መሆኑን፣ በዙሪያው ያሉት ቢጫ ቅጠሎችም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች መሆናቸውን ይረዳል፤ ይህ ዕውቀት ምሳሌውን የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያከብድ ይመስላል። ከዚህም ሌላ ንቦች አልትራቫዮሌት የተባለውን፣ የሰው ዓይን የማይደርስበትን ብርሃን ስለሚያዩ በብዙ አበቦች ላይ ለእነርሱ የሚገለጥ፣ ለእኛ ግን የተሰወረ ምልክት አለ፤ የዕለት ተዕለቱ ካሜራ፣ ውዱም ቢሆን፣ ያን አይቀርጽም።

በበርሊን የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ካርል ብሎስፌልት (1865–1932 እ.ኤ.አ.) ተራ ተክሎችን ራሱ በሠራው ካሜራ እያጎላ ያነሣው ለተማሪዎቹ መማሪያ እንዲሆኑ ነበር፤ በ1928 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲታተሙ ግን ስሙን በኪነ ጥበብ ታሪክ ተከሉት። ይህን አይቶ መሣሪያ ምንም አይደለም ማለት ግን ማጋነን ነው፤ ርካሽ ካሜራ በደብዛዛ ብርሃን ምስሉን ያሻክራል፣ የንብን ክንፍም አያቆምም። ቢሆንም ጀማሪው ሌላ ካሜራ ከመግዛቱ በፊት አንድ አበባ መርጦ፣ ሳይቀጥፈውና ዙሪያውን ሳይረግጥ፣ ከእንቡጥነቱ እስኪረግፍ ደጋግሞ ያንሣው፤ ከዚያ በኋላ ካሜራው አንሶኛል ቢል አቤቱታው ይሰማለታል።