«ምርጥ» ለማን ነው?

ኮምፒውተርን «ምርጡን ዲዛይን ፈልግልኝ» ማለት ይቻላል። እሱ ግን «ምርጥ ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብሎ መልሶ አይጠይቅም። የኔ ሥራ በአብዛኛው ይህን ትእዛዝ መስጠት ነው። መካኒካል መሐንዲስ ነኝ፤ ብረቱ ከመቆረጡ፣ ሸክላው ከመተኮሱ በፊት ዕቃው ምን እንደሚሆን በሲሙሌሽን ሶፍትዌር አስልቼ አያለሁ። ሥራው ሒሳብ ይመስላል፤ ሒሳብም ነው። ግን በሥራው በቆየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አለቅህ ብሎኛል። ማሽኑ «ይኼኛው ይሻላል» ሲል የሚሻለው ለማን ነው? ይሻላል ያለውስ በእውነት ማሽኑ ነው?

ነገሩ ረቂቅ እንዳይሆንብን ሁላችንም በምናውቀው ዕቃ እንየው፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ። ምጣድ ስትነድፉ የምትወስኗቸው ብዙ ቁጥሮች አሉ። የሸክላው ውፍረት ስንት ይሁን? ከሥሩ የሚዞረው ሽቦ ምን ያህል ይራራቅ? ሽቦው የሚተኛበት ቦይ ምን ያህል ይጥለቅ? ከታች የሚገባው የሙቀት መከላከያስ ምን ያህል ይወፍር? እነዚህን ፓራሜትር እንላቸዋለን። የድሮው መንገድ አንዱን ሠርቶ፣ ጋግሮ አይቶ፣ አስተካክሎ እንደገና መሥራት ነው። በሶፍትዌር ግን ምጣዱን አንዴ እንሥለውና ቁጥሮቹን እየቀያየርን ደጋግመን «እንጋግርበታለን»፤ ሊጥ ሳናባክን፣ ሸክላ ሳንሰብር። ፕሮግራሙ ምጣዱን በሺዎች ወደሚቆጠሩ ትንንሽ ቁርጥራጮች ይከፋፍለዋል፤ ከዚያ ሙቀት ከአንዱ ቁራጭ ወደ ጎረቤቱ እንዴት እንደሚያልፍ ያሰላል።

ችግሩ አማራጩ ቶሎ መብዛቱ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው አራቱ ፓራሜትሮች እያንዳንዳቸው 10 አማራጭ ቢኖራቸው 10,000 ዓይነት ምጣድ ይወጣል። አንዱን ማስላት 6 ደቂቃ ቢፈጅ 1,000 ሰዓት ነው፤ ቀን ከሌት ሳይቋረጥ ከ41 ቀን በላይ። ሁለት ፓራሜትር ብትጨምሩማ አማራጩ አንድ ሚሊዮን ይሆናል። ስለዚህ ሁሉንም አንሞክርም። በዘዴ የተመረጡ ናሙናዎችን አስልተን በመካከል ያለውን እንገምታለን። የዚህ ጥበብ አንዱ ሥር፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ እርሻ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ ያዳበረውን አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሮታል። ሐሳቡ በአጭሩ፣ በጥቂት መደብ ላይ ብዙ ነገር ለመማር መደቦቹ አስቀድሞ በብልሃት መታቀድ አለባቸው የሚል ነው።

ከናሙናው በኋላ ኦፕቲማይዘር የምንለው ፈላጊ ፕሮግራም ይገባል፤ ከተሻለው ወደ ባሰ የተሻለው እያለ ይጓዛል። የዚህን መሣሪያ ኃይል ማሳነስ አልፈልግም። ናሳ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2006 ባመጠቃቸው ሦስት የ«ስፔስ ቴክኖሎጂ 5» ትንንሽ ሳተላይቶች ላይ የተገጠመ አንድ አንቴና አለ። ቅርጹን ያወጣው ዝርያን በማዳቀል አምሳያ የሚሠራ አልጎሪዝም ነው። ስታዩት ሕፃን ልጅ ያጣመመው የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ነው የሚመስለው። ሰው በጤናው እንዲህ ያለ ነገር አይስልም። ሆኖም የሚፈለግበትን አሟልቶ ሕዋ ላይ ሠርቷል። ማሽን እኛ ልማድ ስላሰረን ወደማናይበት ጥግ ሄዶ ሊያይልን ይችላል፤ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ግን የት እንደሚሄድ የሚነግረው ሰው ነው። ከጓደኞቼ ጋር የምጣድ ሞዴል ስንሠራ መጀመሪያ ሆን ብለን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅነው፦ ከቀዝቃዛ ተነስቶ ለመጋገር እስኪደርስ የሚፈጀውን ኃይል አሳንስ። ጥያቄው ከንቱ አይደለም። የኛ ሀገር ኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበራ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ከቤት ዕቃ ሁሉ ሆዳሙ እሱ ነው። መልሱም እንደጠበቅነው መጣ። ኦፕቲማይዘሩ ሸክላውን አሳሳው፣ አሳሳው፣ እኛ «ከዚህ በታች አትውረድ» ብለን ያሰመርንበት መስመር ላይ አድርሶ ቆመ። መስመሩን ዝቅ ብናደርግለት አብሮ ይወርድ ነበር። ስስ ሸክላ ቶሎ ይግላል፤ የጠየቅነው ደግሞ ይህንኑ ነው።

እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አክስት አለችኝ። ውጤቱን ሳሳያት ግራፉን ብዙም አላየችውም። «ልጄ፣ በዚህ የሚጋገርበት አንድ እንጀራ ነው ወይስ ሠላሳ?» አለችኝ። እንዴት ያለ ጥያቄ መሰላችሁ! ቀዝቃዛ ሊጥ ሲፈስበት የምጣዱ ፊት ሙቀት ይወርዳል። ወፍራም ሸክላ በሆዱ የያዘው ሙቀት ስላለ ቶሎ ያገግማል፤ ስሱ ግን እስኪመለስ ያስጠብቃል። ለሁለት ሰው አምስት እንጀራ ጋግሮ ለሚያጠፋ ቤት ስሱ ይሻላል። ከሌሊቱ ተነስታ ሠላሳና አርባ ለምታወጣ ሴት ደግሞ ስሱ ምጣድ በያንዳንዱ እንጀራ ላይ የምትጠብቀው ጊዜ ይጨምርባታል። ዕቃው ያው፣ ፊዚክሱም ያው፤ «ምርጡ» ግን ሁለት ሆነ።

እንዲህ ሲሆን ፕሮግራሙ አንድ መልስ መስጠት ይተውና ሙሉ የመልስ መስመር ያወጣል። መስመሩ የተሰየመው እ.ኤ.አ. ከ1848 እስከ 1923 በኖረው ጣሊያናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በቪልፍሬዶ ፓሬቶ ስም ነው። በመስመሩ ላይ ካሉት ዲዛይኖች አንዱን በአንድ በኩል ለማሻሻል በሌላ በኩል መክፈል ግድ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም እንደሚባለው መሆኑ ነው። ሒሳቡ እዚህ ድረስ ያደርሳችኋል፤ ከዚህ በኋላ መንገዱ የሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምርጫው ሳይታይ ያልፋል። አንድ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ለኃይል 0.7፣ ለጋጋሪዋ ጊዜ 0.3 የሚል ክብደት ይጽፍና ሩጫውን አስጀምሮ ይተኛል። ጠዋት አንድ «ምርጥ» ዲዛይን ስክሪኑ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ያቺ 0.3 የማን ጊዜ እንደሆነች፣ ማን እንደተመናት ሪፖርቱ ላይ አይጻፍም። ሥነ ምግባሩ ያለው ግን እሷ ውስጥ ነው።

ቢያንስ 0.3 የተሰጠው ነገር ዕድለኛ ነው። ጭራሽ ያልተጻፈው ነገር ክብደቱ ዜሮ ነው። የጋጋሪዋ ወገብ፣ አክንባሎው ሲነሳ ፊቷን የሚመታው እንፋሎት፣ ሸክላው ከሠሪዋ ቤት ወደ ገበያ ሲጓዝ መሰንጠቁ፣ የእንጀራው ዓይን፤ እነዚህ ካልተነገሩት ለማሽኑ የሉም። ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ያልተነገረውን አያውቅም፤ በዚያ ላይ ያልተነገረውን ሁሉ ላገኘው ጥቅም መክፈያ ያደርገዋል።

«ታዲያ ሁሉንም እንጻፈዋ!» ትሉ ይሆናል። እኔ መልሱ ይህ ብቻ አይመስለኝም። ሶፍትዌሩ ምኞታችንን የምንነግርበት ሁለት ቋንቋ አለው። አንዱ ግብ ነው፦ ይህ ይቀንስ፣ ያ ይጨምር። ሌላው ገደብ ነው፦ ይህ በፍጹም አይታለፍ። ልዩነቱ የቴክኒክ ብቻ ይመስላል፤ ለኔ ግን የቆየው የፍልስፍና ክርክር እዚሁ ቁጭ ብሏል። የምጣዱ ጎን በጣም ግሎ የሚነካውን ሕፃን እንዳያቃጥል እንፈልጋለን እንበል። ይህን ከግቦቹ አንዱ አድርገን ክብደት ከሰጠነው፣ ክብደቱ የቱንም ያህል ቢሆን አንድ ነገር ተስማምተናል ማለት ነው፦ በቂ ኃይል ከቆጠበልን የልጁን እጅ እንሸጣለን። ዋጋው ውድ ይሁን እንጂ ዋጋ ወጥቶለታል። ገደብ ካደረግነው ግን ገበያ አላወጣነውም። የትኛው ነገር ይመዘናል፣ የትኛው ለድርድር አይቀርብም የሚለውን መለየት ከማንኛውም አልጎሪዝም በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሞዴል የዓለም ሥዕል ነው እንጂ ዓለም አይደለም፤ የሆነ ቦታ ይሳሳታል። ኦፕቲማይዘር ደግሞ ሞዴሉ ላይ እጅግ ያማረውን ቦታ ይፈልጋል። ሞዴሉ በከንቱ የሚያሞካሸው ቦታ ካለ፣ እዚያ ጋ ነገሩ ሁሉ ስለሚያምር ፈላጊው ወደዚያ ይሳባል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1991 ኖርዌይ ውስጥ ስሌይፕነር ኤ የተባለ የነዳጅና ጋዝ መድረክ የኮንክሪት አካል በጋንድስፊዮርድ እየተፈተነ ሳለ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰጠመ። ሰው አልሞተም፤ ኪሳራው ግን ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። ሲመረመር በኮምፒውተር የተሠራው ስሌት፣ ቁርጥራጮቹ በዚያ ቦታ ሸካራ ስለነበሩ፣ ግድግዳው የሚሸከመውን የመቁረጥ ጫና 47 በመቶ አሳንሶ አሳይቶ ነበር። ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ የተደገመው ስሌት አካሉ 62 ሜትር ላይ እንደሚሰበር አመለከተ፤ በእውን የተሰበረው 65 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ጥፋቱ የኦፕቲማይዘር አልነበረም። ግን እንዲህ ያለ ሞዴል ላይ ኦፕቲማይዘር ቢለቀቅ ምን ያደርጋል? «ይኼ ግድግዳ ጫና የለበትም» ብሎ ይባስ ያሳሳዋል።

ለዚህ ነው ለትርፍ ክብር ያለኝ። እናቶቻችን ልክ ለቤተሰቡ የሚበቃ ብቻ አይጋግሩም፤ መሶቡ ውስጥ ለድንገተኛ እንግዳ የምትቀር አለች። ለኦፕቲማይዘር ያቺ እንጀራ ብክነት ናት፤ በቤቱ ሰው ቁጥር ውስጥ የለችማ። በምህንድስና የደኅንነት መጠን የምንለው ትርፍ ያቺው የእንግዳ እንጀራ ናት። የምንጠብቀው እንግዳ ያላሰላነው ጭነት፣ ያልጠረጠርነው ስንጥቅ፣ የማናውቀው ተጠቃሚ ነው።

ይህን ስል ግን «ይወፍር፣ ይጠንክር፣ ይብዛ» ማለቴ አይደለም። ትርፍም ከሰው ኪስ ይወጣል። ያለአግባብ የወፈረ ምሰሶ ሲሚንቶና ብረት ነው፤ ሲሚንቶና ብረት ደግሞ ለደሀ ሀገር ያልተሠራ ሌላ ክፍል ነው። በየቤቱ በከንቱ የሚባክን ኪሎዋት ሌላ ቤት አምፖል ያበራ ነበር። ቁጠባ ራሱ የሞራል ጉዳይ ነው፤ ኦፕቲማይዜሽንን የምወደውም ለዚህ ነው። የምቃወመው ትርፉ ማንም ሳይጠየቅ፣ ሳይነገርም ተላጭቶ ሲያልቅ ነው። ምን ያህል እንደቀነስን፣ አደጋው ወደ ማን እንደዞረ ጮክ ብለን መናገር አለብን። «ሶፍትዌሩ ነው ያለው» የሚለው አባባል እዚህ ጋ አይሠራም። ሶፍትዌሩ የሚለው እኛ ያልነውን ነው፤ ቁጥር አልብሶ ይመልስልናል እንጂ። ሥዕሉ ሥር የሚፈርመውም ሰው ነው።

ስለዚህ አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። ሩጫ ከማስጀመሬ በፊት ጥሩ ማለት ምን እንደሆነ፣ ወጪው በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ የማይሸጠው ምን እንደሆነ በግልጽ አማርኛ እጽፋለሁ። ጽሑፉን ዕቃውን ለሚጠቀመው ሰው አነብለታለሁ፤ ግራፍ የማይገባው ሰው ይህ በደንብ ይገባዋል። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ዲዛይኑ የትኛው ገደብ ላይ ተደግፎ እንደቆመ አያለሁ። እዚያ መስመር ላይ የቆመው መስመሩ ባይኖር ያልፍ ስለነበር ነው። ያንን መስመር ማን አሰመረው? ለምን? መልስ ከሌለው ሥራው አላለቀም።

ምጣዱን በተመለከተ፣ በመጨረሻ ለአምራቹ የሰጠነው አንድ «ምርጥ» አልነበረም። ሦስት ንድፍ ነበር፤ በእያንዳንዱ ራስጌ ላይ ለማን እንደሆነና ማን ምን እንደሚከፍልበት ተጽፏል። ጥቂት ለምትጋግር ቤት፣ በመካከል ላለች፣ ቀኑን ሙሉ ለምትጋግር። የጎኑ ሙቀት ገደብ ግን በሦስቱም ላይ አንድ ነው።