ከዳር ቆሞ ዋና ማስተማር አይቻልም



በዚህ ጽሑፍ የምናካፍላችሁ ስለ ሕፃናት የውኃ ዋና ትምህርት ነው። ርእሱ ለእንዲህ ዓይነቱ መጽሔት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ልጃችንን ይዘን ሁለት ዓመት ያህል ወደ መዋኛ ገንዳ ስንመላለስ፣ ስለ ውኃ ብቻ ሳይሆን ልጅን በእምነት ስለ ማሳደግም ብዙ ተምረናልና፣ ያገኘነውን ለወላጆችና ለካቴኪስቶች ማስተላለፍ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

እኛ በሆላንድ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ባልና ሚስት ነን። ሆላንድ የውኃ አገር ናት። ከመሬቷ አንድ አራተኛ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው፤ በየከተማውና በየመንደሩም ቦይ ያልፋል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ልጁን ዋና ማስተማርን እንደ ቅንጦት አይቆጥረውም። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከአራትና ከአምስት ዓመታቸው ጀምረው እየተማሩ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉትን የዋና ዲፕሎማዎች በየተራ ይወስዳሉ። በፈተናውም ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ይዋኛሉ፤ ቦይ ውስጥ የሚወድቅ ልጅ የዋና ልብስ ለብሶ አይወድቅምና። ከዚያ አስቀድሞ ደግሞ ጥቂት ወራት የሆናቸው ጨቅላዎች ከወላጆቻቸው ጋር ውኃን የሚለማመዱበት ክፍል አለ። ልጃችንን አምስት ወር ሲሞላት ያስመዘገብናት በዚህ ክፍል ነው።

ከሁለታችን ዋና የሚያውቅ አልነበረም። ያደግነው ወንዝ በክረምት ሲሞላ ሰው እንደሚወስድ እየተነገረን፣ ወደ ውኃ እንዳንቀርብም እየተከለከልን ነው። ወላጆቻችን ይህን ያደረጉት ከፍቅር የተነሣ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን አብሮን አድጎ ባሕር ተሻገረ። የክፍሉ ሥርዓት ደግሞ ልጅን አስረክቦ ከዳር መቀመጥን አይፈቅድም። መምህርቷ ሕፃናቱን አትይዝም። 32 ዲግሪ ያህል በሞቀው ውኃ መካከል ቆማ የምታስተምረው ወላጆችን ነው፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። ወላጅ ካልገባ ሕፃን አይገባም። ስለዚህ እየፈራንም ቢሆን በየተራ ገባን።

የመጀመሪያው ትምህርት አያያዝ ነበር። ሕፃኑን በብብቱ ሥር ይዞ፣ አገጩን ከውኃው በላይ አድርጎ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መራመድ ነው። ወላጁም ዝቅ ብሎ ዐይኑን ከልጁ ዐይን ጋር ያስተካክላል። ምክንያቱን የተረዳነው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ልጃችን የምትመለከተው ውኃውን ሳይሆን የእኛን ፊት ነበር። ትንፋሻችንን ስንይዝና ክንዳችን ሲደርቅ ታለቅሳለች፤ ተረጋግተን ስንዘምርላት እግሮቿን ታወራጫለች። ፍርሃታችንን ሳንነግራት አወቀችው፤ መረጋጋታችንንም እንዲሁ።

«ልጅን በጡት፣ እህልን በጥቅምት» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ትርጉሙ እዚህ ላይ ጎላልን። ሕፃን ቃል ከመረዳቱ በፊት ፊት ያነባል። እናቱ ስታማትብ፣ አባቱም ተንበርክኮ ሲጸልይ የሚያይ ሕፃን የጸሎቱ ትርጉም አይገባውም፤ ነገር ግን ወላጆቹ የሚታመኑበት አንድ እንዳለ ከፊታቸው ይማራል። ስለ እግዚአብሔር ቸርነት በቃል እየነገርነው በኑሯችን ዘወትር ጭንቀትንና ቁጣን ቢያይብን ግን፣ የሚማረው የትኛውን ይሆን?

ብዙ ወላጆችን የሚያስት ሌላ ነገርም አለ። ጨቅላ ሕፃን ፊቱ ውኃ ውስጥ ሲገባ ትንፋሹን የመግታት፣ እጅና እግሩንም የማንቀሳቀስ ተፈጥሯዊ ጠባይ አለው። ይህን ያዩ ሰዎች «ዋናን ይዞት ተወልዷል» ይላሉ። ይሁን እንጂ ይህ ዋና አይደለም፤ ሕፃኑ ራሱን ቀና አድርጎ ለመተንፈስ አይችልም። ያ ጠባይም ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በኋላ እየደከመ ይሄዳል። ጸንቶ የሚቆየው በትዕግሥትና በመደጋገም የተማረው ነው። በምሥጢረ ጥምቀት የምንቀበለው ጸጋ እንደዚህ ያለ አላፊ ነገር አይደለም፤ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ ማኅተሙም አይፋቅም። ነገር ግን ስጦታው አንድ ጊዜ ተሰጥቷል ብለን ልጁን ለብቻው ብንተወው፣ ዘሩ የሚያድግበትን መሬት ሳናርስ ቀረን ማለት ነው።

ስለ ትምህርቱ ጥቅም ከልክ ያለፈ ነገር መናገር አንሻም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የዋና ትምህርት ዓመት ከሞላቸው በኋላ ለብዙ ልጆች የመስጠም አደጋን ሊቀንስ እንደሚችል ገልጿል፤ ከዓመት በታች ላሉት ግን ይህን የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። ለጨቅላ ሕፃን ውኃን መላመጃ፣ ከወላጁም ጋር መደሰቻ ነው እንጂ ጋሻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያስረዳው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጉት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ።

ልጃችን ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት፣ በገንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ በትንሽ ባልዲ ስትጫወት አንድ ደረጃ ወደ ታች ተንሸራተተች። አልጮኸችም፤ ውኃውም አልተንቦጫረቀም፤ ከላይ የታየው ጠጕሯ ብቻ ነበር። እጃችን ከእርሷ አንድ ክንድ አይርቅም ነበርና ወዲያው አነሣናት። ሳለች፣ አለቀሰች፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ወደ ባልዲዋ ተመለሰች። ያ ጸጥታ ግን ከልባችን አልወጣም። ሕፃን ሲሰጥም ብዙውን ጊዜ ድምፅ አያሰማም፤ ስለዚህ የሚጠብቀው የወላጅ ጆሮ ሳይሆን ዐይኑና እጁ ነው።

ይህ ማሳሰቢያ መዋኛ ገንዳ በሌለበት አካባቢ ላላችሁም ይሆናል። ዳዴ የሚል ሕፃን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ሊሰጥም ይችላል። ክዳን የሌለው በርሜል፣ ውኃው ያልተደፋ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ያልተከደነ የውኃ ጉድጓድ፣ ለግንባታ ተቆፍሮ ዝናብ የሞላው ጉድጓድ ለሕፃን ጥልቅ ባሕር ነው። ካቴኪስቶች ቤት ለቤት ስትጎበኙ ይህንንም ለወላጆች ብታሳስቡ ታላቅ የፍቅር ሥራ ትሠራላችሁ።

መያዝ ብቻውን ግን ዋና አያስተምርም። ልጃችን ሁለት ዓመት ሲሞላት ከገንዳው ዳር ወደ እኛ መዝለል ጀመረች። መምህርቷም በየጊዜው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እንድንል ታዘን ነበር። እጃችን ከውኃው ሥር ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል፤ ነገር ግን አይነካትም። ለጥቂት ቅጽበት ብቻዋን ትንሳፈፋለች። ያችን ግማሽ እርምጃ መራቅ ከሁሉ ይልቅ ከበደን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 እንደምናነበው ጌታችን ጴጥሮስን ከታንኳው ወርዶ በውኃው ላይ እንዲራመድ ፈቀደለት፤ መስጠም በጀመረ ጊዜም እጁን ለመዘርጋት አልዘገየም። እንዲራመድ ያህል ራቀለት፤ እንዳይጠፋ ያህል ቀረበው። የወላጅነት ጥበብም ይህን ርቀት መለካት ነው።

አሁን ወደ ቁምስናዎቻችን እንመለስ። ልጁን አስጠምቆ፣ ድግሱንም ደግሶ፣ የቀረውን ሁሉ ለክርስትና አባቱና ለካቴኪስቱ መተው በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የተለመደ ነው። እሑድ ልጁን ከቤተ ክርስቲያኑ በር አድርሶ መመለስ ከገንዳው ዳር ተቀምጦ «ዋኝ!» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹና ዋነኞቹ አስተማሪዎች መሆናቸውን አስተምሯል። ካቴኪስቱ ወላጁን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

«እኔ ትምህርተ ክርስቶስን በሚገባ አልተማርኩም፤ ለልጄ ምን አስተምራለሁ?» የሚል ወላጅ ቢኖር፣ እኛም ዋና ሳናውቅ ገንዳው ውስጥ እንደ ገባን ያስታውስ። ልጃችን የፈለገችው የተዋጣለት ዋናተኛ ሳይሆን አብሯት የሚገባ ወላጅ ነበር። እርሷን ስናስተምር እኛም ተማርን፤ ዛሬ ሁለታችንም መንሳፈፍ እንችላለን።

ስለዚህ፣ ውድ ወላጆች፣ ማታ ልጁ ከመተኛቱ በፊት አብራችሁት አማትቡ። ከትምህርተ ክርስቶስ ሲመለስ ምን እንደ ተማረ ጠይቁትና አብራችሁ ድገሙት፤ የማታውቁት ጥያቄ ሲያነሣ «ና አብረን እንጠይቅ» በሉት። ልጁ ከፍ ሲል ደግሞ ግማሽ እርምጃ ራቁለት፤ ራሱ ይጸልይ፣ ራሱ ይምረጥ፣ እጃችሁ ግን ከሥር ይሁን። እናንተም ካቴኪስቶች፣ ቢቻላችሁ በወር አንድ ጊዜ ወላጆችን ከልጆቻቸው ጋር በክፍላችሁ አስቀምጧቸው። ልጆቹን ብቻ ሳይሆን ወላጆቹንም አስተምሯቸው።

በውኃና በመንፈስ ቅዱስ ዳግም የወለደን እግዚአብሔር፣ ልጆቻችንን ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልን፤ ለእኛም የሚታመን ልብ፣ የማያንቀላፋ ዐይን፣ የማይርቅ እጅ ይስጠን። አሜን።